የሸሪኬ ዐይን

«ጆንያውን ፍታው» እላለሁ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። ደሳለኝ እስክሪብቶ ይዞ የዕቃ መረከቢያው ወረቀት ላይ ጎንበስ ብሏል። ከጭነት መኪናው የወረደው አርባ ጆንያ ዛላ በርበሬ የሱቃችን የጓሮ በር ላይ ተደርድሯል። አንዱም አልተፈታም። ባለ ዕቃው ማኖጅ እጁን ኪሱ ከቶ ይጠብቃል። ሊፈርም ነው እንግዲህ፣ ዐይኔ እያየ።

ደሳለኝ ሸሪኬ ነው። ቨርጂኒያ፣ ላንድማርክ ሰፈር ይህችን ባልትና ቤት ከከፈትን ስድስት ዓመታችን ነው። በመሀላችን ወረቀት የለም፤ ግማሽ በግማሽ ብለን እጅ ተማትተን ጀመርን፣ በቃ። ወፍጮው የእሱ ነው፣ ቅመሙ የእኔ። ፓኬቱ ላይ የታተመው ስም ግን የእኔ ብቻ ነው፦ «የሰርካለም በርበሬ»። ሰው የሚገዛው ያንን ስም ብሎ ነው፣ እኔም ከእሱ ሌላ ሀብት የለኝም።

«እፊቱ?» ይለኛል ደሳለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ነውር ነው ማለቱ ነው። ዐምና የደሳለኝ እናት ያረፉ ጊዜ ማኖጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ እየተመላለሰ ሦስት ቀን ልቅሶ ተቀምጧል። ከኛ ልጆች ጋር ወንበር ሲያነሣ፣ ውሃ ሲያድል ነበር። የእናትህን ልቅሶ የተቀመጠ ሰው ያመጣውን ዕቃ እፊቱ ፈትቶ መበርበር ለደሳለኝ በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። ይሉኝታ እኔም አላጣሁም። ግን ይሉኝታ በወፍጮ ከገባ የሚወጣው በሰው ሆድ ነው።

መቀስ አንሥቼ አንዱን ጆንያ ራሴ እቀደዋለሁ። ላይ ላዩ ደም የመሰለ በርበሬ ነው፣ ልክ ታኅሣሥ ላይ በብልቃጥ እንዳመጣልን ናሙና። እጄን እስከ ክርኔ እሰደዋለሁ። ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ይጣበቃል። የዘገንኩትን ሳወጣው ሻጋታ ነው፤ ነጭ፣ ፀጉር ያበቀለ ሻጋታ። ሽታው ውሃ የገባበት ቤዝመንት ነው።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ አልደግመውም። ምላሴ አንዴ ከተነሣ ማን ያስቀምጠዋል። ሌባ ብዬዋለሁ። ናሙናው ሌላ፣ ጭነቱ ሌላ፣ አሁኑኑ መልሰህ ጫን ብዬዋለሁ። ልቅሶውን ለንግድ ነው እንዴ የተቀመጥከው ብዬም ጨምሬበታለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ማኖጅ አይቆጣም። ሰውየው ህንድ አገር ሳለ ጠበቃ ነበር፣ ዛሬም ሲናገር ችሎት ፊት እንደቆመ ነው። እስክጨርስ ይጠብቀኝና ይጀምራል። ጭነቱ መርከብ ላይ ውሃ ነክቶታል። ሐሙስ ዕለት ደሳለኝን ግሪንቤልት አጠገብ ወዳለው መጋዘኑ ጠርቶ፣ ጆንያውን በገዛ እጁ ፈትቶ አሳይቶታል። ካልፈለጋችሁት ይቅር፣ ቅር አልሰኝም ብሎታል። ደሳለኝ ግን አምጣው አለ፤ ሁለት ጆንያም ያንኑ ቀን በመኪናው ይዞ ሄደ።

ደሳለኝን አየዋለሁ። እሱ ወረቀቱን ያያል።

«እኔ አላወቅኩም» እላለሁ።

«አውቀሻል» ይላል ማኖጅ በቀስታ። «የእኛ አገር ሕግ አጭር ነው። ለሥራው ሲል አንዱ ሸሪክ ያየውን፣ ሌላውም እንዳየው ይቆጠራል። አንቺ ከሐሙስ ጀምሮ አይተሽዋል።»

ይሄ ቨርጂኒያ ነው፣ የአገርህን ሕግ እዚያው ልለው አፌን ከፍቻለሁ። ግን ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። ሁለት ጆንያ።

«የታሉ?» እለዋለሁ ደሳለኝን።

«ፈጨኋቸው» ይላል። «ፀሐይ ላይ አሰጣሁትና... ካልደረቀ እንጂ ከደረቀ አይታወቅም ብዬ። እምቢ ልለው አቃተኝ፣ ሰርኬ። እናቴን ከኛ ጋር የቀበረ ሰው ነው።»

ልመታው ይቃጣኛል፣ ላለቅስም ይቃጣኛል። ትናንት ጠዋት መደርደሪያው ሞልቶ ሳገኘው ጎሽ፣ ጎበዝ ብዬው ነበር። አንዱንም አልቀመስኩም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ የፈጨውን ቀምሼ አላውቅም።

የፊት በር ደወል ይጮኻል። መጋረጃውን ገልጬ እሮጣለሁ። እትዬ ባዩሽ ናቸው፣ ከላይኛው አፓርትመንት። ከኔ ሌላ የማንንም በርበሬ ቤታቸው አያስገቡም። ሁለት ፓኬት ታቅፈው ባንኮኒው ጋ ቆመዋል።

ልጃቸው ወልዳለች፣ ማክሰኞ ወንድ ተገላገለች፤ ዛሬ ገንፎዋን ሊያገነፉላት ነው። እንኳን ማርያም ማረቻት ማለት ያቅተኛል።

«ያንቺ እጅ ነው አይደል?» ይሉኛል ፓኬቱን ከፍ አድርገው። «ሌላ ሰው የነካው ከሆነ ለአራስ አልሰጥም።»

ሸሪኬ ነው የፈጨው ማለት እችላለሁ። እውነት ነው ደግሞ። ከኋላዬ የመጋረጃው ቀለበት ሲንኳኳ እሰማለሁ፤ ደሳለኝ ነው፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ ተከትሎኝ መጥቷል። ምን እንደምል እየጠበቀ ነው።

«አዎ እትዬ፣ የእኔ እጅ ነው» እላለሁ። ሁለቱንም ፓኬት ከእቅፋቸው እወስዳለሁ። «ግን አይበላም። እንዳይሰጧት።»

የእትዬ ባዩሽ ዐይን እስከ ክርኑ ሻጋታ የለበሰው እጄ ላይ ነው።