የኮች ወልደየስ ወንበሮች

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮች ወልደየስ ከሚያሠለጥንበት ትምህርት ቤት ተጣጣፊ ወንበሮች በቫን ጭኖ መጣና ሳሎኑ ውስጥ ደረደራቸው። ሚስቱ ጽጌረዳ ከኩሽና ሆና አየችው።

«አባረሩት» አለች በልቧ። «ልጆቹ ሊሰናበቱት ሊመጡ ነው።»

የፈሩት ይደርሳል። በዚያ ዓመት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2014፣ ቡድኑ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ርእሰ መምህሩም ባለፈው ሳምንት ቢሮ አስጠርቶታል።

ወልደየስ ዴንቨር የመጣው በወጣትነቱ ለትምህርት ነበር። በኮሌጁ የአሜሪካን ፉትቦል የተጫወተ ሐበሻ ከሱ በፊት አልነበረም። እግር ኳስ የለመደ እግሩ ያችን ሞላላ ኳስ በቋሚዎቹ መሀል መስደድ አላቃተውም። ከዚያ በኋላ ሞንትቤሎ በሚባለው የከተማው ሰፈር የሌላ ሰው ልጆች ሲያሠለጥን አረጀ። ሌላ ሙያ የለውም፤ የራሱ ልጅም የለውም። ይህን ቢቀሙት ምን እንደሚሆን ጽጌረዳ ማሰብ ያስፈራታል።

ክፉ ወሬ ለሰው መንገር አይሆንለትም። አንድ ጊዜ የአንድ ተጫዋች እናት ደውላ «አያቱ ማረፋቸውን ንገረው» ብትለው፣ ልጁ ተጫውቶ፣ በልቶ፣ ተኝቶ እስኪነሳ ደበቀው። እናትየው ልትከሰው ምንም አልቀራት። ደግ አደረግክ ያለችው ጽጌረዳ ብቻ ነበረች።

«ወልዴ፣ ምን ሆነሃል?»

«ነገ እናወራለን። አሁን እራትሽን ብዪ።»

እሱ አልበላም። እሷ ስትጎርስ ያያል።

«ስልኬንስ አየኸው?»

«ቻርጅ አያደርግም ስትዪ አልነበር? ፒዮሪያ መንገድ ላይ ላለው ስልክ ጠጋኝ ልጅ ሰጠሁት፣ እንዲያየው።»

«ዛሬ እኮ እሑድ ነው! እምነት ስትጠብቀኝ ልትውል ነው።»

እምነት ጎንደር ያለች ታናሽ እህቷ ናት፤ ጽጌረዳ በየእሑዱ ማታ ትደውልላታለች። ወልደየስ ተነስቶ ውሃ ቀዳላት።

«ነገ ሥራ አትግቢ» አለ። «ደውዬ ኦፍ ጠይቄልሻለሁ።»

ብቻውን መዋል ፈርቷል አለች በልቧ። ስለ ሥራው አልጠየቀችውም። ጎኑ ተኛች፤ እሱ ዓይኑን አልከደነም።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። የዕድሩ ሽማግሌ አቶ ወልደሚካኤል፣ ቄሱ፣ ጎረቤቷ ስንዱ፣ ከኋላቸው ደግሞ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች። ማንም «እንደምን አደራችሁ» አላለም። በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው መርዶ ነጋሪ ነው።

የባሏ ታላቅ ወንድም በዛብህ አዲስ አበባ ታሞ ከተኛ ከርሟል። ጽጌረዳ እንባዋ ቀደማት። ሮጣ ሄዳ ባሏን አቀፈችው።

«አይዞህ ወልዴ፣ እኔ አለሁልህ!»

ወልደየስ እንደ ግንድ ቆሞ ቀረ። ቤቱ በሰው ሞላ፤ ወንበሮቹም ተያዙ።

አቶ ወልደሚካኤል የቀረውን አንድ ወንበር ሳቡላት።

«ጽጌ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሏት። «የመጣነው ወዳንቺ ነው።»