ጭስ የለውም

«ይሄኛው ነው» ይላል ሀብተጊዮርጊስ፣ ምድጃው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በመነጽሩ ጫፍ እያነበበ። «ጭሱ ከሁሉም ያነሰ። ሰርቲፋይድ፣ የተመሰከረለት። አየሩ ተበክሎ እንጨት ማንደድ በሚከለከልበት ቀን እንኳ ይፈቀዳል።»

ሌክውድ ከተማ ባለው የምድጃ ሱቅ ዕቃ ጫኝ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ። እሱ የኮምፒውተር ኢንጂነር ነው። በጋራ ወዳጃችን በሮሆቦት ሰርግ ላይ «ወንድሜ፣ ተሳስተሃል፤ ይሄ የተማሩ ሰዎች ጠረጴዛ ነው» ብሎ ከነሳህኔ አስነሥቶኛል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ረስቶታል።

አምና በሚኖርበት ሰፈር፣ ፓርክ ሂል፣ ያሉት ጎረቤቶቹ፣ ሳሎኑ ውስጥ የሚያነደው እሳት ቢያጨስባቸው፣ ለከተማው አስተዳደር ደውለውበት ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። አሁን የሚፈልገው ማንም የማያይበት እሳት ነው።

«የት ልታስቀምጠው ነው?» እላለሁ።

«ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ እማዬ ክፍል። ብርዱ አላስተኛ ብሏታል።»

«እዚያ ጭስ ማውጫ አለ?»

ይስቃል። «ጭስ ለሌለው ምድጃ ጭስ ማውጫ! ሰውዬ፣ እናቶቻችን ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው፣ ጭሱ ሲያልቅለት አይደል ወደ ቤት የሚያስገቡት? ያው ነው እኮ።»

አዎ፣ ያው ነው። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ በተኛህበት ይወስድሃል። ይሄን የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም፤ እዚሁ፣ ሳጥን ስሸከም ነው።

«ስማኝማ፣ ይሄ ነገር...»

«አንተ ጫን ብቻ። የሚነበበውን እኔ አነበዋለሁ።» ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሊከፍል ይሄዳል።

በጋሪ ገፍቼ መኪናው ላይ እጭናለሁ። ከኋላ ወንበር እናቱ ወይዘሮ አልጣሽ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋሉ። በሁለት ሹራብ ተጠቅልለዋል።

«አንተ ልጅ፣ ወገብህ! ብቻህን ያሸክሙሃል እንዴ?»

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይሄን የጠየቀኝ የለም።

«ለምጄዋለሁ፣ እማማ።»

«ጭስ የለውም ይለኛል ልጄ። እውነት ነው? እኔ እንደሆንኩ በሬን ጥርቅም አድርጌ ነው የምተኛው።»

አፌን እከፍታለሁ። ሀብተጊዮርጊስ ደረሰኙን እያጣጠፈ ይመጣል።

«ጨረስክ፣ ፕሮፌሰር?»

የዕቃ መጫኛውን በር ገፍቼ እዘጋለሁ።

«የለውም፣ እማማ» እላለሁ። «ጭስ የለውም።»

«ተባረክ» ይሉና መስኮቱን ይዘጋሉ። ትንፋሻቸው መስታወቱ ላይ ጉም ይሠራል፤ ከዳር ከዳር እየጠበበ ሄዶ፣ ይጠፋል።