ኋለኛው ወንበር

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋራዡ ውስጥ የነበሩት መካኒኩና የሴት ልጁ ባል ኤሌክትሪሺያኑ ብቻ ናቸው። ያደሱት የእሳት አደጋ መኪና ከሰዓት ይፈተሻል፤ ከወደቀ ጋራዡ ይዘጋል። በደንቡ መሠረት፣ ቀበቶ ሳያስር የተቀመጠ ሰው ሲኖር ወንበሩ ይጮኻል። አሁን ግን ኋለኛው ወንበር ባዶ ሆኖ ይጮኻል።

"ሽቦውን አድበስብሰህ አልፈኸዋል አይደል?" አለ መካኒኩ በጎሪጥ እያየው።

"ኧረ ጋሼ፣ በልጆቼ! ሰው ተቀምጦብኛል ነው የሚለው።"

"እንግዲያው ቀበቶህን እሰር በለዋ!"

ኤሌክትሪሺያኑ ሳቀና ወደ መኪናው ጮኸ፤ "ጌታው፣ ቀበቶዎን ይሰሩልን እንጂ!"

ቀበቶው ቀስ ብሎ ተሳበና ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። ጩኸቱ ቆመ። መካኒኩ ዞሮ የልጁን ባል እጆች አየ፤ ሁለቱም ኪሱ ውስጥ ነበሩ።

ከሰዓት መኪናው ፈተናውን አለፈ።