የጌታው ጨው

የሻይ ማንኪያውን በጨው ግማሽ ሞልቼ ከዓሣው ገንዳ በላይ እንደያዝኩ ልጄ በሩን ከፍታ ትገባለች። ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ከሥራ ትመለሳለች ብዬ አልጠበቅኩም።

«ምን እያደረግክ ነው?» ትላለች። ከሦስት ወር ወዲህ «ራት አለ» እና «በሩን ቆልፈው» ካልሆነ በቀር ከአፏ የሰማሁት ቃል የለም።

«መድኃኒት ነዋ» እላለሁ። «ዓሣ ሻጩ ያዘዘው። በቀን ግማሽ ማንኪያ ጨው፣ ለአምስት ቀን። ክንፉን አላየሽውም እንዴ?»

ቦርሳዋ ከትከሻዋ ይወርዳል። «አባባ፣ እኔም እኮ እየጨመርኩ ነው። ማታ ማታ። ከማክሰኞ ጀምሮ።»

ማንኪያውን ወደ ጨው ዕቃው እመልሳለሁ። እኔም ከማክሰኞ ጀምሮ ነው፤ ጠዋት ጠዋት፣ ወደ ልብስ ስፌት ቤቴ ከመሄዴ በፊት። አንድ በሽተኛ፣ ሁለት ጎበዝ ሐኪም። ዓሣ ሻጩ «ከዚህ ካበዛህበት ኩላሊቱን ይጨርሰዋል» ብሎ ጣቱን እያወዛወዘ አስጠንቅቆኝ ነበር። ለእሷም ይኼንኑ ሳይነግራት አልቀረም። አንድ ቤት የምናድር አባትና ልጅ መሆናችንን በምን ይወቅ።

ዓሣው የባለቤቴ ነው። ዝርያውን ቤታ ይሉታል፤ አውራ ጣት የሚያህል፣ ሰማያዊ፣ ከሌላ ዓሣ ጋር አንድ ቀን የማያድር ጠበኛ። እሷ «ጌታው» ነበር የምትለው። «ጌታው ሳይበላ ቁርስ አይቀርብም» ትለንና ከምሯ ታስጠብቀን ነበር። እሷን ከቀበርን ወዲህ፣ ከእጇ በልቶ ያደገ ነገር ቤቱ ውስጥ የቀረው ይኼ ዓሣና ልጄ ናቸው። ልጄ ደግሞ አኩርፋኛለች። ዓሣው ከሞተ ባለቤቴን ሁለተኛ የቀበርኳት ያህል ነው የሚሆንብኝ።

አሁን ክንፎቹ ጫፋቸው ጠቁሮ ተተልትሏል። አርባ ዓመት ጨርቅ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያልተዘመዘመ ጨርቅ ከዳር ጀምሮ ሲተረተር አውቀዋለሁ። ይኼኛው ግን በመርፌ የሚያዝ አይደለም። ጠጠሩ ላይ በጎኑ ተጋድሟል፤ የሚንቀሳቀሰው ጉንጩ ብቻ ነው።

«ውሃውን እንገልብጠው» እላለሁ።

«አይሆንም። ባንዴ ከተቀየረበት ይደነግጣል። በኩባያ ነው፣ ቀስ በቀስ።»

እሷም ጠይቃለች ማለት ነው፣ እንደ እኔው ተደብቃ። ክሎሪኑ እንዲወጣለት ያሳደርኩትን ውሃ እቤት ካለው የስፌት ማሽኔ ሥር ስጎትት፣ እሷ ደግሞ ከአልጋዋ ሥር ሌላ ባልዲ ይዛ ትመጣለች። ሁለቱን ባልዲዎች አየት አድርጋ ከንፈሯን ትነክሳለች።

ወንበር ስበን ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እኔ ከገንዳው አንድ ኩባያ ቀድቼ አወጣለሁ፣ እሷ ከባልዲው አንድ ኩባያ ታቀብለኛለች፣ ዓሣውን እንዳይመታው በመስታወቱ ጥግ አንሸራትቼ አፈሳለሁ። ከዚያ ትንሽ እንጠብቃለን።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ?»

እኔም አኩርፌ ነበር። ከሦስት ወር በፊት፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጧት ኖሮ» ሲለን፣ ልጄ ዞር ብላ «እያየህ ዝም አልካት» አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሰማ። ደግሞም እውነቷን ነው። እናቷ በዚያ ሙቀት አንገቷን በአንገት ልብስ ጠምጥማ ስትውል አይቻለሁ፤ ከሥሩ ያለውን እብጠትም አይቻለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች ጎረቤቱን የምትመክር ሴት፣ ስጠይቃት «ብርድ ነው፣ አታካብድ» አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ብርድ ነው እንድትለኝ ፈልጌ ነበር። ይኼን ለማንም አልተነፈስኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

አራተኛው ኩባያ ላይ የልጄ እጅ ይቆማል።

«አባባ፣ እኔም አይቼው ነበር።»

«ምኑን?»

«አንገቷን። ፀጉሯን ስሠራላት። ምናልባትም ካንተ በፊት። አባባ ያውቃል፣ አባባ ይወስዳታል እያልኩ...» ኩባያውን ጭኗ ላይ ታደርጋለች። «ያን የሆስፒታሉን ቃል ለራሴ ነበር መናገር የነበረብኝ። አንተ ላይ ጣልኩት።»

ለካ ሦስት ወር ሙሉ እኔም እሷም በየክፍላችን አፍረን ነው የተቀመጥነው። እጄን ራሷ ላይ አደርጋለሁ፤ ከልጅነቷ ወዲህ አድርጌው አላውቅም፣ ጣቶቼ እንዴት እንደሚቀመጡ እንኳ ግራ ይገባቸዋል።

«ተይ በቃ» እላለሁ። «እኔንስ ብርድ ነው ብላ ሸውዳኝ የለ። እናትሽ ከዋሸች ማን ይደርስባታል።»

እያለቀሰች ትስቃለች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። ሸሚዙን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣት ነበር።

«እንካ፣ ጨምርለት» ትለኛለች፣ አምስተኛውን ኩባያ እያቀበለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ሳፈስ አየዋለሁ። ጉንጩ ቆሟል። የተተለተለው ክንፉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ግን የሚያነሳው የማፈሰው ውሃ ነው። እጄን ሳቆም እሱም ይቆማል።

ቀና ስል ልጄም እያየችው ነው። ከዚያ እኔን ታየኛለች።

ዝቅ ትልና ከባልዲው ስድስተኛውን ኩባያ ትቀዳለች። እጄን ዘርግቼ እቀበላታለሁ።