የሙሽራው መልክ

ከቀየት የተነሳው አውቶቡስ ዘመሮ ከተማ ሲደርስ ወይዘሮ ጌታነሽ ከሁሉም ቀድመው ወረዱና በቀጥታ ወደ ምንተስኖት ፎቶ ቤት ሄዱ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ፀጉራቸው ከሥሩ ተላጭቷል። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፍላሽ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«የሰርግ ፎቶ አለበት። አትምልኝ» አሉ።

ምንተስኖት ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ። አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለበት። ሲከፍተው ደነገጠ። የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ነጭ ሆኗል፤ የሙሽራዋ ቬሎ ከል መስሏል። ፊታቸው አመድ ለብሶ ጥርሳቸው ጠቁሯል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ቀለሙ ተገልብጧል፣ እማማ። እስቲ ሲታተም ይስተካከል እንደሆነ።»

አተመው። ያው ነው። የማተሚያውን ቀለም ቀይሮ ደገመው። ያው ነው። የሌላ ደንበኛ ፎቶ ሞከረ፤ ያኛው ልክ ሆኖ ወጣ። ማሽኑ ደህና ነው ማለት ነው።

ወይዘሮ ጌታነሽ የተበላሸውን ወረቀት ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት።

«እንዲህ ሆኖ ማን ያውቀዋል?»

«ሌላ ፎቶ የለዎትም?»

«ቤት የነበረው ሁሉ ተቃጥሏል። ይኼንንም ሰርጉን ካነሳው ሰው ዘንድ ለምኜ ነው ያገኘሁት።»

«ኀዘኑ የቅርብ ነው?»

«አርባው ትናንት ወጣ።»

«እግዜር ያጽናዎት። ነፍስ ይማር።»

«አሜን።»

ምንተስኖት ወደ ሥራው ዞረ። ፕሮግራሙ ላይ ቀለም የሚገለብጥ ትእዛዝ ነበረ፤ ነካው። ሱፉ ጠቆረ፣ ቬሎው ነጣ። ፊቱ ግን ወይን ጠጅ ሆነ።

«ይኼ እሱ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ። «እሱ ጠይም ነው። ጠይም አድርገው።»

«እሞክራለሁ።»

«ደግሞ ሴቷን አውጣት። እሱን ብቻ ተውልኝ።»

ምንተስኖት እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

«ሚስቱ ናት እኮ፣ እማማ።»

«አውቃለሁ።»

«ኀዘኑ የእሷም አይደል? ነገ ፎቶውን ብታየው ይከፋታል።»

«አታየውም። ከእሱ ጎን እንድትቆም አልፈልግም።»

አልተከራከረም። ልጅ ሲሞት ምራታቸውን ገፍተው የሚያስወጡ እናቶችን ያውቃል። የገዛ አክስቱም እንዲያ አድርጋለች። ልቡ ግን ሻከረባቸው። ሙሽራዋን ቆርጦ አወጣት። በሙሽራው ክንድ ላይ የቀሩትን ጣቶቿን አንድ በአንድ ጠርጎ አጠፋቸው። ወይዘሮ ጌታነሽ በዚያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ነበር።

ወዲያው መብራት ሄደ። የሠራው ሁሉ አብሮ ጠፋ።

ምንተስኖት ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። ወይዘሮ ጌታነሽ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም።

«መብራቱ ካልመጣ ነገ ቢመለሱስ?» አላቸው።

«ነገማ ምን ዋጋ አለው? ዛሬም ዘግይቷል። ወረዳ ሄድኩ፣ ዞን ሄድኩ። ሁሉም ነገ ነው የሚለኝ።»

ወረዳና ዞን ለምን እንደሄዱ አልጠየቃቸውም። የውርስ ጉዳይ መሰለው፤ ይኼም ከምራቲቱ ጋር ሳይሆን አይቀርም ብሎ አሰበ።

መብራቱ እስኪመጣ ደብረ ብርሃን ማተሚያ ቤት ለሚሠራው ጓደኛው ለዳኜ ደወለለት።

«ፋይሉ ከአልበም ሠሪ ነው የመጣው?» አለ ዳኜ።

«አዎ።»

«በቃ፣ ለትልቅ ማተሚያ ተብሎ በአራት ቀለም የተቀመጠ ነው። ያንተ አሮጌ ፕሮግራም ገልብጦ ያነበዋል። አንተ ደግሞ በግድ ስትገለብጠው መልኩ ይበላሻል። የላክሁልህ አዲሱ ፕሮግራም አለ አይደል? በሱ ክፈተውና ኮምፒውተርህ ወደለመደው ሦስት ቀለም ቀይረህ አስቀምጠው። ከዚያ አትመው።»

መብራቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ምንተስኖት እንደተባለው አደረገ። ሙሽራውን እንደገና ለብቻው አወጣው። በልማዱም ፊቱን አለሳለሰ፤ ግንባሩን አጠራ፤ ከቅንድቡ በላይ ያለውን ጠባሳ አጠፋ። አንድ ወረቀት አትሞ ሰጣቸው።

ጠይም፣ መልከ መልካም ጎልማሳ ፈገግ ብሎ ያያቸዋል። ወይዘሮ ጌታነሽ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው አዩት።

«እሱ ነው» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ጠባሳውስ?» አሉ።

«እንዲያምር ብዬ ነው ያጠፋሁት።»

«መልሰው። እንዳለ ይሁን።»

የእናት ነገር፣ አለ ምንተስኖት በልቡ። ሻክሮ የነበረው ሆዱ ትንሽ ራራ። ጠባሳውን መለሰው።

«በትልቁ በባነር ላድርግልዎ? ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ያምራል።»

«አይ። በትንሹ አድርገህ ሃምሳ አትምልኝ። በየደረስሁበት ለሰው የምሰጠው ነው።»

«ሃምሳ ይበቃል?»

«የት ይበቃል? አገሩ ሰፊ ነው። ግን ሌላ ምን አቅም አለኝ?»

ምንተስኖት ለተዝካር የሚጠቀምበትን ማዕቀፍ አወጣ፤ በላዩ መስቀል፣ በግራና በቀኙ ጧፍ አለበት። ፎቶውን መካከሉ ላይ አስገባና ከሥሩ ጽሑፍ አስቀመጠ። ወይዘሮ ጌታነሽ ማንበብ አይችሉም፤ ፊደሎቹን በጣታቸው እየነኩ ጠየቁት።

«ምን ይላል?»

«‹የምንወድህ ልጃችን፣ እግዚአብሔር ነፍስህን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን› ይላል።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ጣታቸውን ከኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ እንደተቃጠለ ሰው አነሱ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«አጥፋው» አሉ በመጨረሻ። «መስቀሉንም፣ ጧፉንም፣ ጽሑፉንም አጥፋው።»

አጠፋው።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ፣ እማማ?»

«‹ልጄን ትህትናን ገድሎ የጠፋው ባሏ ይህ ነው› ብለህ ጻፍ።»