የዳኑት ተራ

ወረርሽኙ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። መድኃኒቱ ታሞ የዳነ ሰው ደም ብቻ ስለሆነ፣ የዳነ ሁሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ እንዲሰጥ ታዟል። ብርቄ አንድም ተራ አላለፋትም። ደም ይተካል ብለዋት ጠዋት ማታ ቀይ ስር ትበላለች፤ ዛሬ ግን ጀሪካን ማንሳት አቅቷት ውሃውን በጣሳ ስታመላልስ ረፈደ።

የአሥራ ስምንት ዓመት ልጇን ትርሲትን ትኩሳቱ ሌሊቱን ለቋታል። ብርቄ ደስታዋን ዋጥ አድርጋ፣ "ተሸፋፍነሽ ተኚ፤ ለሰው ገና እንዳመመሽ ነው" አለቻት።

በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደሰማያት ነበሩ። እድሩ ድንኳን መትከል ትቶ የደም ተራ ማስያዝ ከጀመረ ወዲህ ቤት ለቤት የሚዞሩት እሳቸው ናቸው። ሁለቱም ክንዳቸው በፋሻ ተጠቅልሏል።

"እንዴት አደርሽ ብርቄ?"

"እግዜር ይመስገን ጋሼ። እንዴት አደሩ?"

"ይመስገን። ልጅቷስ?"

"ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን።"

ያለችውን የሰማችው ካፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ሽማግሌው የተራ መዝገቡን ገለጡ። ከዚያ ቀና ሳይሉ የትርሲትን ስም ጻፉ።

"እንኳን ማረልሽ" አሉ። "ቀይ ስር አብዢላት።"