የእናቱ ሁለት ሰዓት

ኮምፒውተሩ ያወጣለት ሰንጠረዥ ባዶ ነበር። "ትመጣ እንደሁ ብዬ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ" ብላው ነበር እናቱ በስልክ። ከወር በፊት፣ መረጃ መሰብሰብ ሲለማመድ፣ በሯ ላይ የለጠፈው ትንሽ መሣሪያ በሩ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ደቂቃ ሁሉ እየመዘገበ ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል። "ሁለት ሰዓት" ብሎ ኮምፒውተሩን ጠየቀ፤ በሠላሳ ቀን አንድም መከፈት የለም። እሱ ዛሬ ነገ እመጣለሁ እያለ እንደሚሸነግላት ሁሉ፣ የእሷም ነገር ከአንገት በላይ መሰለውና ቀለል አለው።

ኮቱን አንስቶ ከቢሮው ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ከነከነው። መሣሪያው ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ ለመሣሪያው ሁለት ሰዓት ማለት እናቱ እንቅልፍ ላይ ያለችበት ሌሊት ስምንት ነው። ቁጭ ብሎ ሁለትን አጠፋና ሃያ ጻፈ። ሠላሳ መስመር ተዘረገፈ፤ በእናቱ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ላይ ተከፈተ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ተዘጋ። አንድም ማታ አልዘለለችም።

ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ማታ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ወደ ሰንጠረዡ ሲመለስ ከሥር ሠላሳ አንደኛው መስመር ብቅ ብሏል። "ተከፈተ" ይላል። የተዘጋበት ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ ገና ባዶ ነበር።